ንስሐ አባቱ ማን ነው?

ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባ ገብረኪዳን፣

ጤናዎን እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። “እግዚአብሔር ይመስገን” የሚለውን በልማድ ልጽፈው ነበር፤ እንዳይስቁብኝ ብዬ ተውኩት።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የደብዳቤዎን ፎቶ ሲልኩልኝ ሁለተኛው ገጽ ደብዝዞ ስለነበር እያጎላሁ፣ እየገመትኩ ነው ያነበብኩት። ለምን እንደማይደውሉ ጽፈዋል፤ ልክ ነዎት። የእናቴ ስልክ ድምፁ ተከፍቶ ለጎረቤቱ ሁሉ ነው የሚያወራው። የእርስዎም ጆሮ፣ አይቀየሙኝና፣ ግማሹን ነው የሚሰማው። አሁን የምንነጋገረው ደግሞ ለሰው ጆሮ የሚሆን አይደለም።

ሐኪሞቹ “ወደ ቤት ውሰዱት” ማለታቸውን ሳይሸፋፍኑ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። እናቴ “ደህና ነው፣ ሾርባ ጠጥቷል” ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣትም። እኔ እዚህ የአረጋውያን ቤት ነርስ ነኝ፤ ጉበት ያበቃለት ሰው ሾርባ ጠጣ አልጠጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ትመጫለሽ ወይ ብለዋል። አልመጣም። ነሐሴ ላይ ስንለያይ “ለቀብር ብለሽ እንዳትመጪ፤ አሁን አይተሽኛል፣ ይበቃል” ብሎኛል። አባቴን ያውቁታል፤ ያለውን ነው ያለው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ፍትሐት ተደርጎለት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከወንድሜ ከአሰግድ አጠገብ እንዲቀበር። የደብሩ አለቃ ሬሳው በር ላይ ሲደርስ “ንስሐ አባቱ ማን ነው?” ብለው ይጠይቃሉ። አባቴ ንስሐ አባት የለውም፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልነበረውም። ስለዚህ ወይ አንድ ካህን “እኔ ነኝ፣ ተናዟል” ይላል፣ ወይ አባቴ ከከተማው ዳር ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠው ሜዳ ላይ ብቻውን ይተኛል።

እርስዎ የእናቴ ንስሐ አባት ነዎት፤ የአባቴ ደግሞ የልብ ወዳጅ። “እኔ ነኝ” እንዲሉ እለምንዎታለሁ። ማንንም አይጎዳም። አባቴ አይሰማም፣ እናቴ ትጽናናለች።

አክባሪዎ፣
ሐመልማል እንደሻው


ሳጉሬ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐመልማል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። “እግዚአብሔር ይመስገን” ብትይ አልስቅም ነበር። የልማድ ምስጋናም ምስጋና ነው፤ ባለቤቴ እኔን የምታመሰግነኝ እንደዚያ ነው። ጉልበቷ ያው ነው፣ ብርዱ ሲመጣ እሷም ጉልበቷም ይቆጣሉ። እዚህ የገብስ አጨዳ ተጀምሯል፤ ስንዴው ገና ነው።

ቶሎ የጻፍኩልሽ በተስፋ እንዳትቆዪ ብዬ ነው። የለመንሽኝን አላደርገውም።

አባትሽን ሳልጠይቀው የምውልበት ቀን የለም። ሀሰኖ፣ እህል ነጋዴው፣ እሱም አይቀርም። እኔ ስለ ክርስቶስ እነግረዋለሁ፣ ሀሰኖ ስለ አላህ ይነግረዋል፣ እሱ ለሁለታችንም ይስቅብናል። የስቃዩን ነገር ትተን እንደ ድሮው እንከራከራለን። ያንቺ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ እኔው ራሴ ጠይቄዋለሁ። “እንደሻው፣ ጊዜው ሳያልፍ ንስሐ ግባ” አልኩት። “ገብሬ” አለኝ፣ “ባምን ኖሮ እስካሁን አልጠብቅህም ነበር። አላመንኩም። ስሞት እንዳትዋሽብኝ።” ቃሌን ሰጠሁት።

አንቺ ሕፃን ስለነበርሽ አታስታውሽም። አሰግድ በኩፍኝ የሞተ ጊዜ አባትሽ የልጁን ሬሳ በትከሻው ተሸክሞ እስከ ቅጥሩ በር መጣ። በሩ ላይ ለእኛ አስረከበና እዚያው ቆመ። ግባ ብለን ብንጎትተው “ሳላምንበት የተውኩትን ቤት ልቅሶ ይዤ አልገባበትም” አለ። ልጁ ሲቀበር ውጭ ሆኖ ነው የቆየው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የዚያን ቀን ጠላሁት። እናትሽም ለብዙ ጊዜ ፊት ነሳችው። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ባሏን ባማባት ቁጥር “ጨካኝ ነው፤ ግን አይዋሽም” ትል ጀመር። እስከ ዛሬም የምትለው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ዋሹልኝ የምትይኝ በዚህ ሰው ላይ ነው። አባትሽ ጌታዬን አላመነም፤ ይህ ያቃጥለኛል፣ አልደብቅሽም። ካፉ ያልወጣውን ቃል ከሞተ በኋላ አፉ ውስጥ ማስገባት ግን ሬሳ መዝረፍ ነው።

ሌላ የምትጠይቂኝ ካለ ጠይቂኝ። ስለ እናትሽ አታስቢ፣ ቅርብ ነኝ።

ቄስ ገብረኪዳን


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባ፣

ሰላምታዬን ላሳጥረው። ተናድጃለሁ፣ ተናድጄም ሰላምታ ማስረዘም አልችልበትም።

“ሬሳ መዝረፍ” ብለው ጻፉልኝ። እስቲ ስለ ሬሳ እናውራ። በዚያ ግፍ በበዛበት ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው፣ የሰፈራችንን ልጆች እየጠቆመ ያስበላው ሰውዬ፣ የት ነው የተቀበረው? ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ ጥሩ ጥላ ያለበት ቦታ። ንስሐ አባቱ አፉን ሞልቶ “ልጄ ነው” ብሏል። ተናዝዞ ነበር? እናቶቹ ፊት ሄዶ ይቅርታ ለምኖ ነበር? ማንም አልጠየቀም። አባቴ በሕይወቱ ሰው አላስገደለም፣ አልሰረቀም። ጥፋቱ አላምንም ማለቱ ብቻ ነው። ዋሽቶ አምናለሁ ቢል ኖሮ ዛሬ አስቀድማችሁ ጃንጥላ ትዘረጉለት ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ስለዚህ አገር ጠይቀውኝ ነበር። እዚህ ሰው ሲሞት ቄሷ (ሴት ናት፣ አይደንግጡ) ማንንም አትመረምርም። ያመነም ያላመነም ይመጣል፣ ኦርጋን ይመታል፣ አበባ ይቀመጣል፣ በኋላ ሳንድዊች ይበላል። እውነት ለየሰው የየራሱ ነው ይላሉ። ማንም ማንንም ስለማይጠይቅ የሚዋሽም የለም። መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ከእናንተው የተሻለ ደግነት ሆኖ ነው የሚታየኝ። እኔም ብሆን ለማስታምማቸው ሽማግሌዎች ስለ ጉበታቸው ስለ ልባቸው ቁርጡን ነው የምነግራቸው። “ከዚያስ በኋላ ምን አለ?” ሲሉኝ ግን “እርስዎ ምን ይመስልዎታል?” ብዬ እጃቸውን እይዛለሁ። ያሉትን ይላሉ፣ ልክ ነዎት እላለሁ። ተረጋግተው ይሞታሉ። ይሄ ኃጢአት ነው?

እርስዎ ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። ሜዳ ለሜዳ የባሏን መቃብር ስትፈልግ የምትኖረው ግን እናቴ ናት። የእርስዎን እውነት ዋጋ እሷ ትክፈል ማለት ነው?

ሐመልማል


ሳጉሬ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐመልማል፣

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ቁጣሽ ከአባትሽ ነው፣ አልተቀየምኩም። ስለ ሊቀመንበሩ ያልሽው ልክ ነው። የዚያን ቀን እኔም ቆሜ ነበር፤ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ እንጂ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ግን አንድ ቄስ ስለዋሸ ሌላውም ይጨምርበት ማለትሽ አልገባኝም። አንዱ ሐኪም መርፌ ቢያሳስት አንቺም ታሳስቻለሽ?

እስቲ በራስሽ ሥራ ልጠይቅሽ። የአንድ ሽማግሌ ልጅ መጥታ “እህቴ፣ የአባቴን የደም ውጤት ጥሩ ነው ብለሽ ጻፊልኝ፤ እሱ ከእንግዲህ አይድንም፣ እናቴ ግን ትጽናናለች” ብትልሽ ትጽፊላታለሽ? አትጽፊም። እጅሽ እንቢ ይልሻል። ስለ ጉበት ሲሆን እውነት አለ፤ ስለ ነፍስ ሲሆን የሚመች ነገር እንጂ እውነት የለም ካልሽኝ፣ በእኔ ሥራ አታምኚም ማለት ነው። እሺ፣ አትመኚ። ግን የማታምኚበትን ሥራ አበላሽልኝ ብለሽ አትለምኚኝ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያላየሁትን ነገር ለሰው መናገር ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ እናትሽ፣ ያላየሁትን የሚቀበሉኝ ባየሁት ነገር ስለማልዋሻቸው ነው። ሌላ መያዣ የለኝም። እናንተ ዘንድ መሣሪያ አለ፣ መስታወት አለ፣ ፎቶ አለ። እኔ ያለኝ ቃሌ ነው። እሱን አንዴ ካጎደልኩ ቀሪው ሁሉ ጩኸት ነው የሚሆነው። የእናንተ አገር ቄስ ማንንም አትጠይቅም አልሽኝ። ምናልባት እሷንም የሚጠይቃት ሰው ስለጠፋ ይሆናል።

ክርክሩ ይበቃናል። አባትሽ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሰው ያውቃል፣ እኔንም ያውቀኛል፣ ግን ንግግሩ አጥሯል። ትናንት እጄን ይዞ “ቃልህን” ብቻ ነው ያለኝ።

እናትሽ ዛሬ ጠዋት ቤቴ መጥታ “ሳይሞት ንስሐ ያስገቡልኝ” ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ያውም በዚያ ዕድሜዋ። እኔም ባለቤቴም ተጋግዘን አነሳናት። ሌላ ምን እንዳለችኝና ምን ብዬ እንደመለስኳት አልጽፍልሽም።

ቄስ ገብረኪዳን


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባ፣

እንኳን አብረን አለቀስን አይባልም፤ ለየብቻችን ነው ያለቀስነው።

ቀብሩን እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ከአሰግድ አጠገብ ነው አለችኝ። ዲያቆናቱ እንደዘመሩለት፣ ሰዉ እስከ መንገዱ ድረስ ሞልቶ እንደነበር፣ አባቴ አፈር ሲለብስ ሀሰኖ እንደ ሴት እንዳለቀሰ። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ተናዟል እኮ፣ ሐሙ” አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም።

አደረጉት። ያን ሁሉ ጽፈውልኝ፣ ያን ሁሉ ተሟግተው፣ አደረጉት። እንዴት ሐሳብዎን እንደቀየሩ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ቢተውትም አልከፋም። አመሰግናለሁ ማለት ብቻ ነው የምፈልገው። ደግ ሰው ነዎት፤ ከእምነትዎም የበለጠ ደግ ነዎት።

በመጨረሻው ሰዓት አጠገቡ ማን ነበር? ምን አለ? የሚያውቁትን ይጻፉልኝ።

ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ፦ አባ፣ ይፍቱኝ።

ሐመልማል


ሳጉሬ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። አመሰግናለሁ አትበይኝ። ከእምነትዎ የበለጠ ደግ ነዎት ያልሽኝንም ውሰጂልኝ፣ ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው።

ጠይቀሻልና ልመልስ። ነፍሱ ስትወጣ አጠገቡ የነበርነው እኔና ሀሰኖ ነን። እናትሽ ውሃ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ምንም አላለም። ሀሰኖን አየው፣ እኔን አየኝ፣ አለቀ። ንስሐ የለ፣ ኑዛዜ የለ።

በነጋታው ሬሳው በሩ ላይ ቆመ። አለቃው “ንስሐ አባቱ ማን ነው?” አሉ። እናትሽ ዞራ አየችኝ። “እኔ ነኝ” አልኩ። “ተናዟል?” አሉኝ። “አዎ” አልኩ። ለምን እንደሆነ አታስለፍልፊኝ። እናትሽን፣ ብርቄን፣ አየኋት፣ አፌ ተከፈተ። ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ አልገባሁም። ወገቤን አሞኛል ብያለሁ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው እንዴት እንደቀለለኝ ብታይ።

ሀሰኖ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ። አንዳችም አልጠየቀኝም። ሊነሳ ሲል ብቻ “እንደሻው ሶባ ሂንቤኩ” አለ፣ ውሸት አያውቅም ነበር ማለቱ ነው። ይህን የተናገረው ስለ ሟቹ ነው። እኔን ግን ወደ ምድር ግባ ያለኝ መሰለኝ። የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው፤ የወዳጁን ስም የጠበቀለት እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

እናትሽ መመላለስ አላቆመችም። “አባ፣ ምን አለ? ስለ እኔስ አነሳ? ስለ አሰግድስ?” ትለኛለች። የንስሐ ነገር አይወጣም፣ ሥርዓቱ ነው እላታለሁ። የንስሐን ምስጢር ላልነበረ ንስሐ መሸፈኛ አደረግሁት። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር የምትጠይቀኝ። አሁን ግን አጠያየቋ ተለውጧል፤ አልወደድኩትም።

ይፍቱኝ ብለሽኛል። የሚፈታ እጅ የለኝም ለጊዜው።

ቄስ ገብረኪዳን


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባ፣

እናቴ ትናንት ደወለችልኝ። ሰው አስወጥታ፣ የስልኩን ድምፅ ቀንሳ። ይህን አድርጋ አታውቅም።

“ልጁን ለመቅበር ያልገባበትን በር ለራሱ ሲሆን ገባበት” አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። “ልጄን አፈር ሳለብስ ብቻዬን ነበርኩ። እሱ ውጭ ነበር። ቻልኩት፣ አይዋሽማ፣ ያመነበትን ነው የያዘ አልኩ። ይህንኑ እየበላሁ ነው ሃምሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት። ለካ ሞት እስኪመጣ ነው። ለካ ፈሪ ነው ያገባሁት። ያውም ለእኔ ሳይነግረኝ፣ ለቄስ።” ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳዋለች። የአርባውን ዝግጅትም ተዉት ብላለች።

መቻል አቃተኝና ነገርኳት። አልተናዘዘም፣ አባቴ እንደኖረው ነው የሞተው፣ አባ ገብረኪዳንን ዋሹ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ አልኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? “አንቺና አባትሽ መቼ እግዚአብሔርን ትወዳላችሁና። ተናዘዘ ከሚባል ሳይናዘዝ ሞተ ቢባል ይሻልሻል።” ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር የጻፍኩልዎት። ሥራ ቦታ አንድ ሽማግሌ ዛሬ “ከዚያስ በኋላ ምን አለ?” ሲሉኝ እንደወትሮው እጃቸውን ያዝኩ፤ ግን “ምን ይመስልዎታል?” ማለት አልወጣኝም። “አላውቅም” አልኳቸው። እጃቸውን ነጠቁኝ።

እኔን አታምነኝም። እርስዎን ታምናለች። ሄደው ይንገሯት። አባቴን ይመልሱላት። እባክዎ።

ሐመልማል


ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

የዘገየሁት ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። ዋሽቻለሁ፣ ቀኖናዬን ስጡኝ፣ ከክህነቴም ካወረዳችሁኝ አውርዱኝ አልኩ። “ማን ጠየቀህ?” አሉኝ። “ሰዉ ረስቶታል። የደብሩን ስም አታንሳ። እሑድ ቅዳሴ ግባ።” ይኸው ነው የተፈረደብኝ ፍርድ። እንደ ሊቀመንበሩ ንስሐ አባት በክብር እንድኖር ተፈረደብኝ።

ከዚያ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። ምስር እየለቀመች ነበር። “ብርቄ” አልኳት፣ “እንደሻው አልተናዘዘም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ባልሽ ፈሪ አልነበረም።”

እጇን አላቆመችም። “ልጅቷ ደወለችልዎት” አለችኝ።

“ደውላ ሳይሆን ጽፋልኛለች። ግን የምነግርሽ እውነቱን ነው።”

“የቱ ነው እውነቱ? በሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ያሉት ነው ወይስ እዚህ ጓዳ ለብቻዬ የሚሉኝ?”

“የአሁኑ።”

“በሩ ላይ ለምን ዋሹ ታዲያ?”

“አዝኜልሽ ነው” አልኳት። ሌላ ምን ልበል? እውነቱ ይኸው ነው።

ይሄኔ ምስሩን ወደ ጎን አስቀመጠችው። እንደምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “አሁንስ?” አለችኝ። “አሁንስ አዝነውልኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ባሌን ጠልቼ እንዳልኖር ብለው ቢሆንስ?” ልሂድ ብዬ ስነሳ ጠራችኝ።

“አባ፣ አሰግድ የሞተ ጊዜ፣ ይነሣል፣ ታገኚዋለሽ ብለውኝ ነበር። እሱንም አዝነውልኝ ነው?”

“አይደለም፣ ብርቄ። እሱ እውነት ነው” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። “እንደሻው ተናዟል ያሉኝም በዚሁ ድምፅዎ ነው” አለችኝ።

ገብረኪዳን